የምክር ቤት ጉባኤንና የቋሚ ኮሚቴ ስብሰባን ማሠራጨት፦ ለሐዋሳ የትኛው አሠራር ይሻላል?

የምክር ቤት ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ይሁን አይሁን የሚለው ክርክር በወረቀት ደረጃ ካለቀ ቆይቷል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን እንዳለበት ይደነግጋል። አንቀጽ 58 ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ስብሰባ በግልጽ እንደሚካሄድ፣ ዝግ የሚሆነውም አባላቱ ወይም የፌዴራሉ አስፈጻሚ አካል ጠይቀው ከግማሽ በላይ የሆኑ አባላት ሲደግፉት ብቻ እንደሆነ ይናገራል። ያልተመለሰው ጥያቄ “እንዴት?” የሚለው ነው። የአዳራሹ በር ወለል ብሎ ቢከፈትም፣ ቱላ ላይ ሱቋን ከፍታ የምትውል ነጋዴም ሆነች መናኸሪያ አካባቢ ባጃጅ የሚያሽከረክር ወጣት በሥራ ቀን ጠዋት ገብተው ሊቀመጡ አይችሉም። የከተማ በጀት ሲጸድቅ፣ የመሬት ጉዳይ ሲነሳ፣ ስለ ውኃ ጥያቄ ሲቀርብ እነሱን ከአዳራሹ ጋር የሚያገናኛቸው ሥርጭቱ ነው። ሥርጭቱ የሚታመነው ደግሞ በደንቡ ልክ ነው።

ከዚህ በታች የማነጻጽራቸው አማራጮች ለከተማና ለክልል ምክር ቤት የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያዎች፣ ለአካባቢ ጣቢያ አዘጋጆችና ደንብ ለሚያረቁ ሰዎች ይጠቅማሉ ብዬ አምናለሁ። የሌሎች አገሮችን ልምድ የማነሳው እነሱ ብዙ ተከራክረውና ተካሰው የደረሱበትን እኛ ከወዲሁ እንድናውቀው ነው።

አቋሜን ቀድሜ ልናገር። ከምስል ጥራትም ከቀጥታ ሥርጭትም በፊት ሁለት ነገሮች መያዝ አለባቸው። አንደኛው፣ ግርግር ሲነሳ ካሜራው ምን እንደሚያሳይ አስቀድሞ የተጻፈ ደንብ ነው። ሁለተኛው ሳይቆረጥ ለሕዝብ የሚቀመጥ ሙሉ ቅጂ ነው። እነዚህ ከሌሉ የቱንም ያህል ውድ ካሜራ ቢገዛ ሥርጭቱ ከማስታወቂያ አያልፍም።

ካሜራው በማን እጅ ይሁን?

አንዱ አማራጭ ምክር ቤቱ በራሱ ካሜራና ባለሙያ ቀርጾ ምስሉን ለሁሉም ጣቢያ ማቅረቡ ነው። ሌላው ጣቢያዎች የየራሳቸውን ካሜራ ይዘው እንዲገቡ መፍቀድ ነው። ሁለቱን የሚያዳቅልም አለ፦ ጉባኤው በምክር ቤቱ ካሜራ፣ የኮሚቴው ስብሰባ በጣቢያዎች ካሜራ ይቀረጻል።

የመጀመሪያው ብዙ የሚወደድ ነገር አለው። አዳራሹ በትራይፖድና በገመድ አይጨናነቅም። አነስተኛው የኤፍኤም ጣቢያም ትልቁ ቴሌቪዥንም እኩል ያገኛሉ። ካሜራማን መላክ የማይችል ጣቢያም ከዜናው አይቀርም። አደጋው ግን ካሜራውን የሚያዘው ሰው ሥልጣን ላይ ያለው ወገን መሆኑ ነው።

ለዚህ የአሜሪካ ታሪክ ጥሩ ማሳያ ነው። የተወካዮች ምክር ቤቱ ሥርጭት እ.ኤ.አ. በ1979 ሲጀመር ካሜራዎቹ የምክር ቤቱ፣ ቁጥጥሩም የአፈ ጉባኤው ሆነ፤ ሲ-ስፓን የተባለው ጣቢያ ከአዳራሹ የሚያስተላልፈው ከዚያ የሚመጣለትን ምስል ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 1984 የተቃዋሚው የሪፐብሊካን ፓርቲ አባላት ኒውት ጊንግሪችና ጓደኞቻቸው ከዕለቱ ሥራ በኋላ ረዣዥም ንግግር ሲያደርጉ፣ አፈ ጉባኤ ቲፕ ኦኒል ካሜራው ዞሮ አዳራሹን እንዲያሳይ አዘዙ። ተናጋሪው የሚሞግተው ባዶ ወንበር መሆኑን አገር አየ። እኔ በባዶ ወንበር መታየት ላይ ቅሬታ የለኝም፤ እንዲያውም ደንብ ባረቅቅ አዳራሹ ስንት ሰው እንደያዘ በየተወሰነ ሰዓት ይታይ እል ነበር። የዚያ ቀኑ ጥፋት ትእዛዙ ያለ ማስጠንቀቂያ የመጣና በአንድ ወገን ላይ ብቻ ያነጣጠረ መሆኑ ነው።

ከዚያ ወዲህ ደግሞ ስልክ መጣ። እ.ኤ.አ. በጁን 2016 የዴሞክራት አባላት በጦር መሣሪያ ቁጥጥር ላይ ድምፅ ይሰጥ ብለው አዳራሹ ወለል ላይ ሲቀመጡ፣ ምክር ቤቱ ዕረፍት ላይ ስለነበር ካሜራዎቹ ጠፍተው ቆዩ። አባላቱም በስልካቸው፣ ፔሪስኮፕ በተባለው የቀጥታ ሥርጭት መተግበሪያና በፌስቡክ ላይቭ ማስተላለፍ ጀመሩ፤ ሲ-ስፓንም ያንኑ ተቀብሎ ለአገር አሳየ። በጃንዋሪ 2017 ምክር ቤቱ በአዳራሹ ውስጥ ፎቶ ወይም ቪዲዮ የሚያነሳ አባል በመጀመሪያው 500 ዶላር፣ ከደገመ 2,500 ዶላር እንዲቀጣ ደንብ አወጣ። ለእኛ ትምህርቱ ግልጽ ነው። ዛሬ እያንዳንዱ የምክር ቤት አባል ኪስ ውስጥ ካሜራ አለ። ኦፊሴላዊው ምስል ሲጨልም ሕዝቡ የሚያየው ከአንድ ጥግ የተቀረጸ፣ ፊትና ኋላው የማይታወቅ የሠላሳ ሰከንድ ቪዲዮ ይሆናል።

ጣቢያዎች በራሳቸው ካሜራ ሲቀርጹ ደግሞ የባለቤትነት ጥያቄ ይነሳል። የአሜሪካ ምክር ቤቶች የአዳራሽ ምስል የሕዝብ ንብረት ነው፤ ማንም ይጠቀምበታል። የኮሚቴ ስብሰባዎችን ግን ሲ-ስፓን በራሱ ካሜራ ስለሚቀርጽ የቅጂ መብቱ የጣቢያው ነበር። በዚህ ላይ ክርክር ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ2007 ጣቢያው ፈቃዱን እስኪያላላ ድረስ፣ የሕዝብ ተወካይ በሕዝብ ስብሰባ ላይ የተናገረውን መልሶ ማሳየት ፈቃድ የሚጠይቅ ጉዳይ ሆኖ ቆይቷል።

ለሐዋሳ የምመርጠው ይህን ነው፦ ጉባኤውን ምክር ቤቱ ይቅረጽ፣ ምስሉን ጠይቆ የማይከለከል ጣቢያ አይኑር፣ ከአዳራሹ ኋላ ደግሞ ለውጭ ካሜራዎች አንድ ቋሚ ቦታ ይከለል። ያ የኋላ ቦታ ብዙ ቀን ባዶውን ሊውል ይችላል። ቢሆንም የምክር ቤቱ ካሜራ በተበላሸ ወይም በተዘጋ ዕለት ሌላ ዓይን እንዲኖር ያደርጋል። እንደ ሲዳማ ሚዲያ ኔትወርክ ያለ የአካባቢ ጣቢያ ቀረጻውን በስምምነት የሚሠራ ከሆነም፣ ሙሉው ቅጂ ለማንም ክፍት እንደሚሆን ከመጀመሪያው በውሉ ላይ ይጻፍ።

ግርግር ሲነሳ ካሜራው ወዴት ይዙር?

ደንብ አርቃቂዎች ቶሎ የሚያልፉት ክፍል ይህ ነው። እኔ ግን ደንብ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው እላለሁ፤ ሁሉም በሰላም በሚናገርበት ቀን ደንብ የሌለው ካሜራም ጥሩ ይሠራል።

የእንግሊዝ የታችኛው ምክር ቤት ቴሌቪዥን ያስገባው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 21 ቀን 1989 ነው። የመጀመሪያው ደንብ በጣም ጠባብ ነበር፦ የተናጋሪው ራስና ትከሻ ብቻ ይታይ፣ የሰነድ ላይ ጽሑፍ አይቀረጽ፣ ሰገነት ላይ የተቀመጠው ታዳሚ አይታይ፣ ረብሻ ከተነሳ ደግሞ ካሜራው አፈ ጉባኤው ላይ ይቁም የሚል ነበር። የሰውን ፊትና የአዳራሹን ስፋት በሚመለከት ብዙም ሳይቆይ ላላ ተደረገ። ረብሻውን የሚመለከተው ሐሳብ ግን ወደ ሌሎች አገሮችም ተሻግሯል።

ከተሻገረባቸው አንዷ ደቡብ አፍሪካ ናት። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2015 ፕሬዚዳንቱ ዓመታዊ ንግግራቸውን ሊያደርጉ በተነሱበት ምሽት በአዳራሹ የስልክ ኔትወርክ ታፍኖ ተገኘ። የተቃዋሚ ፓርቲ አባላት በጸጥታ ኃይሎች እየተጎተቱ ሲወጡም የፓርላማው ምስል የሚያሳየው አፈ ጉባኤዋን ነበር። ጋዜጠኞችና የሲቪክ ድርጅቶች ጉዳዩን ፍርድ ቤት ወሰዱት። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2016 የአገሪቱ ጠቅላይ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ኔትወርክ ማፈኑም ረብሻን ከሥርጭት የሚሰውረው ደንብም ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫሉ ሲል ወሰነ። የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ፓርላማው ሥራውን በግልጽ እንዲያከናውን ያዛል፤ አባላት ሲጣሉም ሕዝቡ የወከላቸው ሰዎች ምን እያደረጉ እንደሆነ የማየት መብት አለው።

ዩጋንዳ ላይ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2017 የፕሬዚዳንቱን የዕድሜ ገደብ የማስቀረት ሐሳብ ሲቀርብ ፓርላማ ውስጥ ድብድብ ተፈጠረ። የብሮድካስት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ጣቢያዎች ቀጥታ ሥርጭቱን እንዲያቆሙ አዘዘ።

እንግዲህ ሦስት መንገድ አለ፦ ምስሉን ማቋረጥ፣ አፈ ጉባኤው ላይ መትከል፣ ወይም አዳራሹን በሰፊው እያሳዩ መቀጠል። ማቋረጡ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ባዶውን ቦታ ወሬ ይሞላዋል። አፈ ጉባኤው ላይ መትከልም ጨዋነት መስሎ ይታይ እንጂ አንድን ወገን ይጠቅማል፤ አባሉ በአግባቡ ይውጣ ወይም ይደብደብ ተመልካቹ አያውቅም። የሚሻለው ሦስተኛው ነው። ጥል ላይ ማተኮርና አንድን ፊት አቅርቦ ደጋግሞ ማሳየት ግን አልደግፍም፤ እሱ ሌሎች አባላትን ለካሜራ እንዲታገሉ ይጋብዛል። ለደንቡ የሚሆን አንቀጽ እንዲህ ቢጻፍ ይበቃል፦ “በስብሰባ ላይ ሥርዓት ሲታወክ ካሜራው አዳራሹን በሙሉ በሰፊው ያሳያል፤ ድምፅ አይቋረጥም፤ ቀረጻው የሚቆመው አፈ ጉባኤው ስብሰባው መቋረጡን በድምፅ ማጉያ ካሳወቀ በኋላ ነው።”

“በድምፅ ማጉያ” የሚለውን ሆን ብዬ ነው ያስገባሁት። ለካሜራማኑ በምልክት ወይም በስልክ የሚሰጥ ትእዛዝ ቅጂ ላይ አይገኝም።

ቀጥታ፣ የተቀዳ፣ የተቆረጠ፣ ወይስ ድምፅ ብቻ?

የቀጥታ ሥርጭት ትልቁ ጥቅም መሐል ገብቶ የሚመርጥ ሰው አለመኖሩ ነው። ድክመቱ በመብራትና በኢንተርኔት ላይ የተንጠለጠለ መሆኑ ነው። ሒሳቡን እንየው። በ720 ጥራት የሚላክ ምስል በሰከንድ 2.5 ሜጋቢት ገደማ ይፈልጋል፤ ይህም በሰዓት 1.1 ጊጋባይት ነው። አራት ሰዓት የፈጀ ጉባኤ ወደ 4.5 ጊጋባይት ይወስዳል፤ ይህንን ላኪውም እያንዳንዱ ተመልካችም ይከፍለዋል። በሞባይል ጥቅል የሚኖር ሰው ለአንድ ጉባኤ ይህን ያወጣል ብዬ አልጠብቅም። ምስሉን ወደ 360 ጥራት፣ በሰከንድ 0.7 ሜጋቢት ገደማ ብናወርደው በሰዓት 315 ሜጋባይት ይሆናል። ድምፅ ብቻ በ64 ኪሎቢት ከተላከ ግን በሰዓት 29 ሜጋባይት፣ ለአራቱም ሰዓት 115 ሜጋባይት ገደማ ይበቃል።

ስለዚህ የድምፅ ሥርጭትን እንደ ድሃ አማራጭ አንየው። ኒውዚላንድ የፓርላማዋን ክርክር በሬዲዮ ማስተላለፍ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1936፣ አውስትራሊያ ደግሞ በ1946 ነው። እንግሊዝም መደበኛውን የሬዲዮ ሥርጭት በ1978 ጀምራ የታችኛው ምክር ቤቷ ቴሌቪዥን የገባለት ከ11 ዓመት በኋላ ነው። ሬዲዮ ባጃጅ ውስጥ፣ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ገበያ ላይ ይሰማል፤ ሰው ሥራውን ሳይፈታ ያዳምጠዋል። ጉባኤ ደግሞ በአብዛኛው ንግግር ነው። ድምፅ ብቻ ሲሆን ግን ሰብሳቢው ዕድል በሰጠ ቁጥር የተናጋሪውን ስምና የመጣበትን ቀበሌ ወይም ክፍለ ከተማ መጥራት አለበት፤ አለዚያ አድማጩ የማን ድምፅ እንደሆነ አያውቅም። ድምፅ ሲሰጥም ድጋፍ፣ ተቃውሞና ድምፀ ተአቅቦ በቁጥር ይነገር፤ እጅ ሲወጣ ሬዲዮ አያይም።

ድምፁ ከአዳራሹ ሚክሰር (የማይኮቹን ድምፅ ከሚያቀናጀው መሣሪያ) በገመድ በቀጥታ ይወሰድ። ካሜራው ላይ ባለው ማይክ የተቀዳ ጉባኤ ሳል፣ የወንበር ድምፅና ማሚቶ እንጂ ክርክር አይሰማበትም። ለዚህ አንድ ገመድ መግዛት አዲስ ካሜራ ከመግዛት ይቀድማል።

የተቀዳ ሙሉ ቅጂ ኢንተርኔት ለሚያስቸግርበት አዳራሽ ጥሩ መፍትሔ ነው። በ1080 ጥራትና በሰከንድ 8 ሜጋቢት የሚቀዳ ምስል በሰዓት 3.6 ጊጋባይት ስለሚፈጅ፣ ባለ 64 ጊጋባይት ካርድ ሙሉ ቀን ያስቀዳል። አደጋው “ነገ እንጭነዋለን” የተባለው ሳምንት፣ ከዚያም ወር መሆኑ ነው። ስለዚህ ደንቡ ሰዓት ይቁረጥ፦ ጉባኤ ካለቀ በ24 ሰዓት፣ የኮሚቴ ስብሰባ በ72 ሰዓት ውስጥ ይጫን ብል ለአንድ አነስተኛ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል የሚከብድ አይመስለኝም።

የተቆረጠ ጥንቅር ጊዜ ለሌለው ሰው ይጠቅማል፤ ብቻውን ከቀረበ ግን አጠናቃሪው የወደደው ብቻ ይቀራል። ከንቲባው ሲመልሱ ታይተው የጠየቃቸው አባል ካልታየ ተመልካቹ ግማሹን ነው ያየው። ጥንቅር ሲወጣ እያንዳንዱ ቁራጭ በሙሉው ቅጂ ስንተኛው ሰዓትና ደቂቃ ላይ እንደሚገኝ ከሥሩ ይጻፍበት። የተጠራጠረ ሰው ሄዶ ያመሳክራል።

አንዳንዶች ስድብ ቢነገር ለመቁረጥ እንዲያመች ሥርጭቱ በጥቂት ደቂቃ ይዘግይ ይላሉ። እኔ አልስማማም። ቁልፉን የያዘው ሰው ስድቡንም ጥያቄውንም በአንድ ጣት ይቆርጣል። ጥበቃ የሚያስፈልገው ሰው ስም ድንገት ከተጠራ ብቻ ከተቀዳው ላይ ይነሳ፤ የተነሳበት ቦታና ምክንያቱም በግልጽ ይመዝገብ።

ቋሚ ኮሚቴ የራሱ ደንብ ያስፈልገዋል

የጉባኤውን ደንብ እንዳለ ለኮሚቴ መገልበጥ ስሕተት ነው። በጉባኤ የሚናገሩት ለመናገር የተመረጡ ሰዎች ናቸው። ቋሚ ኮሚቴ ፊት የሚቀርበው ግን ብዙ ጊዜ ተራ ሰው ነው፦ በመስክ ምልከታ የተገኘ ነዋሪ፣ አቤቱታ ያቀረበች እናት፣ አለቃው ጎኑ የተቀመጠ የቢሮ ሠራተኛ።

አገሮች እዚህ ላይ በጣም ይለያያሉ። በጀርመን የፓርላማው (የቡንደስታግ) ጉባኤ ክፍት ሲሆን ኮሚቴዎች በመርሕ ደረጃ በዝግ ይሰበሰባሉ፤ ባለሙያ ሲጠየቅ ወይም አስተያየት ሲሰማ በሩን ሊከፍቱ ይችላሉ። አባላቱ ያለ ካሜራ ጫና ተደራድረው ሐሳባቸውን ይቀይራሉ የሚል ምክንያት አለው፤ ቀላል ምክንያትም አይደለም። አሜሪካ ወደ ክፍትነት ታደላለች። እንግሊዝ መሐል ላይ ናት፦ ምስክርነት በግልጽ ይሰማል፣ በሪፖርቱ ረቂቅ ላይ የሚደረገው ውይይት ግን በዝግ ነው።

ለእኛ የእንግሊዙ አከፋፈል ይስማማል ባይ ነኝ። የቢሮ ኃላፊ የሩብ ዓመት አፈጻጸም ሲያቀርብ፣ አባላት ሲጠይቁና በረቂቅ ደንብ ላይ የሕዝብ አስተያየት ሲሰማ ሙሉ በሙሉ ይሠራጭ። የውሳኔ ሐሳብ ሲረቀቅ በዝግ ይሁን፤ የመጨረሻው ድምፅ ማን እንዴት እንደሰጠ ግን ይፋ ይሁን። የመልካም አስተዳደር ጥያቄ የሚመለሰው ከጉባኤው ይልቅ ኃላፊው በዝርዝር በሚጠየቅበት በዚህ ስብሰባ ስለሆነ፣ ሰዓትና ገንዘብ ለአንዱ ብቻ ከበቃ የኮሚቴውን መስማት እመርጣለሁ።

ስለ ምስክሮች ግን አንድ ከባድ ነገር አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል በምክር ቤቱ በሰጠው ድምፅ ወይም አስተያየት እንደማይከሰስ ይደነግጋል። ይህ የአባሉ ከለላ ነው፤ አቤቱታ ይዞ የመጣውን ነዋሪ አይጠቅስም። ስለዚህ ሰብሳቢው ምስክሩ መናገር ከመጀመሩ በፊት ስብሰባው እየተሠራጨ መሆኑን በሚገባው ቋንቋ ይንገረው፤ ፊቱ ወይም ስሙ እንዳይወጣ ከፈለገም የሚጠይቅበት ዕድል ይስጠው። ሕፃናት፣ የጥቃት ሰለባዎችና የጤና ጉዳያቸው የሚነሳ ሰዎች ከነጭራሹ በምስል አይቅረቡ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የጨዋነት ብቻ ሳይሆን የሕግም ጥያቄ ነው። የቢሮ ኃላፊና የሥራ ተቋራጭ ግን በሕዝብ ገንዘብ ስለሚጠየቁ በዚህ ከለላ ሊሸሸጉ አይገባም።

ካሜራው በጠረጴዛ ላይ ያለ ወረቀትና የስልክ ስክሪን እንዳያቀርብ፣ ተናጋሪው ሲጨርስም ማይኩ እንዲጠፋ ደንቡ ላይ መጻፍ አይረሳ። በሁለት አባላት መካከል በሹክሹክታ የተነገረ ነገር የስብሰባው አካል አይደለም።

ቋንቋ

የሲዳማ ክልል የሥራ ቋንቋ ሲዳምኛ ነው፤ ሐዋሳ ደግሞ የወላይታው፣ የአማራው፣ የኦሮሞው፣ የጉራጌውና የሌላውም ቤት ናት። በአንዱ ቋንቋ ብቻ የሚተላለፍ ስብሰባ ለግማሹ ከተማ ድምፅ የሌለው ምስል ይሆናል። ተናጋሪው በተናገረበት ቋንቋ ዋናው ቅጂ ይቀመጥ፤ የአስተርጓሚው ድምፅ ለብቻው በሌላ መስመር ይቀዳና ሁለቱም ይጫኑ። አስተርጓሚ ለሙሉ ቀን መክፈል ካልተቻለ ቢያንስ የአጀንዳው ዝርዝርና ውሳኔዎቹ በሲዳምኛም በአማርኛም በጽሑፍ ይውጡ። የአስተርጓሚን ድምፅ በዋናው ላይ ደርቦ ማስቀረት ግን መወገድ አለበት፤ ነገ ክርክር ቢነሳ አባሉ በትክክል ምን እንዳለ ማረጋገጥ አይቻልም።

ቅጂውን ማን ይጠቀምበት፣ የት ይቀመጥ?

የእንግሊዝ ፓርላማ ምስሉ ለቀልድና ለማስታወቂያ እንዳይውል ይከለክላል። ኒውዚላንድም እ.ኤ.አ. በ2007 ለስላቅና ለማጣጣል መጠቀምን ከልክላ ነበር፤ ክልከላው ብዙ ተተችቶ ከአሥር ዓመት በኋላ ተነሳ። እኔ ከኒውዚላንድ የኋለኛው ውሳኔ ጋር ነኝ። ማንም ቆርጦ ይጠቀም፤ ግዴታው ቀኑንና የስብሰባውን ስም መጥቀስ፣ የአንዱን ንግግር ከሌላው መልስ ጋር አለመገጣጠም ብቻ ይሁን። ለሸቀጥ ወይም ለምርጫ ማስታወቂያ መጠቀምን መከልከል ግን ተገቢ ነው።

ቅጂው በፌስቡክ ወይም በዩቲዩብ ገጽ ላይ ብቻ ከተቀመጠ የይለፍ ቃሉን የያዘው ሠራተኛ ሲዛወር ወይም ገጹ ሲዘጋ አብሮ ይጠፋል። በሁለት ሃርድ ዲስክ ይቀመጥ፤ አንዱ ከምክር ቤቱ ሕንፃ ውጭ፣ ለምሳሌ በቤተ መጻሕፍት ወይም በዩኒቨርሲቲ ይሁን። ፋይሉ በቀን፣ በጉባኤው ተራ ቁጥርና በኮሚቴው ስም ይሰየም፤ ቃለ ጉባኤውም ከጎኑ ይያያዝ። ቅጂን ማጥፋት የሚቻለው ምክር ቤቱ ራሱ በግልጽ ስብሰባ ወስኖ፣ ምክንያቱ በቃለ ጉባኤ ከሰፈረ በኋላ ብቻ ይሁን።